«ምንም አልነካሁም»

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መልስ መስጠት ነበር።

እህል አይሸጥ፣ እንጨት አይጠርብ። ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ በዓይኑ አይቷቸው የማያውቅ ሰዎች ከየቦታው እየጻፉ «ይኼ ነገር እንቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ሲሉት መልስ ይሰጣል። የሚጠይቁት ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኞቹ መሥሪያ ቤቱ በሠራው ፕሮግራም የሚገለገሉ የሆስፒታል፣ የመጋዘንና የትምህርት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ሁለተኞቹ እንደ እሱ ያሉ ባለሙያዎች፣ በዚያው ፕሮግራም ላይ ሌላ ነገር እየቀጠሉ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ለሁሉም መልስ ነበረው።

«ልጄ በገዛ ቤቴ ለምን ትዋሸኛለች?» ብለህ ስትጠይቀኝ ትዝ ያለኝ ይህ ሰው ነው። ኮምፒውተርን ከልጄ ጋር ምን አገናኘው እያልክ እንደሆነ ፊትህ ላይ አይቻለሁ። ታገሥና ስማኝ። ቁጣህንም ለጊዜው እዚያ ካፖርትህ አጠገብ ስቀለው።

የሰውየውን ዕውቀት ማንም አይክደውም። የጥያቄውን ግማሽ ሲያነብ ቀሪው ይገባዋል። ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ሰው ሲሳሳት ሲያይ እንደ ግል ስድብ ይቆጥረዋል። «መመሪያውን አንብበሽ ነው የምትጠይቂኝ ወይስ ሳታነቢ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። በዕድሜ እናቱ የምትሆነውን ሳይቀር «አንቺ» ይላታል። በጽሑፍ ስለሆነ ዕድሜዋ አይታየውም፤ ቢታየውም ግድ የሚሰጠው አይመስለኝም።

በመሥሪያ ቤታቸው አንድ ልማድ ነበር። ከሳምንቱ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የሚያስቀውን ይመርጡና ተገልጋዮቹም ባለሙያዎቹም በሚያዩት ገጽ ላይ ይለጥፉታል። የጠያቂውን ስም አይጽፉም። ስም ባይጻፍም የጠየቀው ሰው ራሱን ያውቃል፣ አጠገቡ የሚቀመጠውም ያውቀዋል። ልማዱን የጀመረው ይኸው ሰው ነው፤ ጥያቄውን የሚመርጠውም እሱ ነበር። ክፋት አልመሰለውም። «ስቀው ይማሩበታል» ይል ነበር። ተማሩበትም፤ የተማሩት ነገር ምን እንደሆነ ግን ቆይተህ ታያለህ።

በአንድ ሆስፒታል የደም ማከማቻ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። የገባውን የደም ከረጢት ትቀበላለች፣ ቁጥሩንና የደሙን ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች፣ ሐኪም ሲጠይቅ ደግሞ የሚስማማውን ፈልጋ ታወጣለች። ፕሮግራሙ ከመጣ ወዲህ ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ብቻ ሆኗል። የእጅ ጽሑፍ ያሳስታል ተብሎ የደሙን ዓይነት ከረጢቱ ላይ መጻፍ ቀርቷል። ደሙ ኦ ይሁን ኤ የሚያውቀው ስክሪኑ ነው። ይህን ያዝልኝ፤ ኋላ ትፈልገዋለህ።

ይህች ሴት ፕሮግራሙ በገባበት ሰሞን አንድ ጥያቄ ጠይቃ ነበር። «ማውዙ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ግን ገና አልደረሰችም። ከዚህ በኋላ ወዴት ልውሰደው?» ብላ ጻፈች። ሰውየው በዚያ ሳምንት ሌላ ጥያቄ መምረጥ አላስፈለገውም። ያየው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በማግስቱ የሥራ ባልደረቦቿ «እንዴት ነው፣ ጫፍ ደረስሽ?» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። አብራቸው ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የግድ ካልሆነባት በቀር አትጠይቅም፤ ስትጠይቅም የጻፈችውን ደጋግማ ታነበዋለች፣ የሚያስቅ ቃል እንዳይኖርበት።

የከረጢቶቹ ሠንጠረዥ እንደ አገባባቸው የተጻፈ ስለሆነ የተዘበራረቀ ነው፤ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ እንደገና ኦ እያለ ይወርዳል። ሐኪም በስልክ እየጮኸባት ከላይ እስከ ታች ኦ ፍለጋ ዓይኗን ማንከራተት ሰለቻት። እንዴት እንደሚደረደር ልትጠይቅ አሰበችና ማውዙ ትዝ ሲላት ተወችው። ሠንጠረዡን በፍላሽ ገልብጣ ቤቷ ወሰደች። የደሙ ዓይነት የተጻፈበትን ዓምድ መረጠችና «ደርድር» አለችው። ተደረደረላት፤ ኤ ከኤ ጋር፣ ኦ ከኦ ጋር ሆነ። ደስ አላት። የደረደረችውን በሌላ ስም አስቀመጠችና በማግስቱ ወስዳ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባችው።

ያላየችው ነገር አለ። የተደረደረው ያ አንዱ ዓምድ ብቻ ነው፤ የከረጢቶቹ ቁጥር በነበረበት ቀርቷል። የተማሪዎችን ሰልፍ አስብ። ልጆቹ ባሉበት ቆመው፣ ደረታቸው ላይ ያለው ስም ብቻ እየተነቀለ በፊደል ተራ እንደ አዲስ ቢለጠፍባቸው ማለት ነው። ሁሉም ስም ይኖረዋል፤ ስሙ ግን የሌላ ልጅ ነው። ከረጢቶቹም እንዲህ ሆኑ።

ፕሮግራሙ ጠባቂ ነበረው። ይህ ጠባቂ ሠንጠረዡን ፕሮግራሙ ውስጥ ከተቀመጠው የድሮ ቅጂ ጋር ያስተያይና ካልተስማሙለት ይጮሃል፣ አዲስ ነገርም አልቀበልም ይላል። ያን ቀን እንቢ አለ። ሴትዮዋ ደነገጠች። ከመጠየቅ በቀር መላ ስላጣች ለሰውየው ጻፈችለት፤ «ፕሮግራሙ አዲስ ከረጢት አልቀበልም አለኝ።»

«ምን ነክተሽ ነው?» ሲል መለሰላት።

እዚህ ላይ ቆም በል። ይህን ነገር አንተ ራስህ ስንት ጊዜ ተናግረኸዋል? ጥያቄ ይመስላል። የሚጠየቀው ሰው ግን ጥፋተኛ ተብሎ እንዳበቃለት አድርጎ ነው የሚሰማው። ሴትዮዋ ማውዙ ትዝ አላት፣ ሳቁ ትዝ አላት፣ «ጫፍ ደረስሽ?» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ።

«ምንም አልነካሁም» ብላ ጻፈች።

ሰውየው ባለበት ተቀምጦ በርቀት ኮምፒውተሯ ውስጥ ገባ። ጠባቂው ሲጮህ አየ። ማንም ምንም ካልነካ የተሳሳተው ጠባቂው መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። «እስኪ ትናንት ስትሠሪ የነበረውን ንገሪኝ» ቢላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላላትም፤ ሌሎች ጥያቄዎች ተሰልፈው ይጠብቁታል። ጠባቂውን «አሁን ያለው ሠንጠረዥ ትክክለኛው ነው። የድሮውን ቅጂ ጣልና በዚህ ተካ» ብሎ አዘዘው። ጠባቂው ታዘዘ፣ ጩኸቱን አቆመ፣ ከረጢት መቀበል ጀመረ። ሰውየው «ተፈትቷል» ብሎ ጥያቄውን ዘጋው። እሷም ጥፋቷ ስላልታወቀባት እፎይ አለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት ፕሮግራመር ለሰውየው ጻፈለት። «ያ ጠባቂ የምትሉት ነገር በራሱ ሊሳሳት ይችላል ወይ? እኔ ዘንድ ነጋ ጠባ ይጮሃል» አለው። ሰውየው ፈገግ አለ። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ይወዳል፤ ለማስተማርም ለመውቀስም ይመቻል። እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ መልሱን ይጽፍ ጀመር። «ጠባቂው በራሱ አይሳሳትም። የሚጮኸው የሰው እጅ ከገባበት ብቻ ነው። እንግዲህ ማን ምን እንደነካ ሳታጣራ ዝም ካሰኘኸው፣ አንተ…»

እጁ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

የገዛ መልሱን እንደገና አነበበው። «የሰው እጅ ከገባበት ብቻ ነው» ይላል። የሴትዮዋ መልስ መጣበት። «ምንም አልነካሁም።» ከሁለት አንዱ ውሸት ነው፤ የጠባቂውን ጠባይ ደግሞ እሱ አሳምሮ ያውቃል።

ወደ ሴትዮዋ ኮምፒውተር ገባና ሠንጠረዡን ከላይ ጀምሮ ተመለከተ። ኤ፣ ኤ፣ ኤ ይላል። ከዚያ ኤቢ፣ ቀጥሎ ቢ፣ ቀጥሎ ኦ። ጥንቅቅ ያለ ነው፣ አንድም የተበላሸ ቦታ የለውም፤ ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ደም የሚለግሱ ሰዎች በፊደል ተራ ተሰልፈው አይመጡም። የተዘበራረቁት ከታች ያሉት፣ ከትናንት ወዲህ የገቡት ጥቂት ከረጢቶች ብቻ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን እንደያዙ እርግጠኛ ሊሆንባቸው የሚችለው እነሱን ብቻ ነበር። ከላይ ካሉት መካከል አንደኛው ጎን ላይ «ወጣ» የሚል ምልክት አለ። ያ ከረጢት ዛሬ ጠዋት ወደ ሕመምተኛ ሄዷል ማለት ነው።

ያልሆነ ደም ሰው ሥር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገውም። ላብ አጠመቀው። በዚህ መሀል አለቃው በኋላው ሲያልፍ ዞር ብሎ አየውና «ምነው? ፊትህ ልክ አይደለም» አለው።

«ምንም» አለ ሰውየው።

ቃሉን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ያች ሴት የጻፈችው ያው ቃል ነው። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ፈራ፣ ስሜ ይጠፋል ብሎ ፈራ፤ ከሁሉ ይበልጥ ግን ያን የሳቅ ገጽ ፈራ። ሰው ሊሞት ይችላል ብሎ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት እንኳ ሳቅ መፍራቱ ራሱን አስጠላው። አለቃው መንገዱን ቀጠለ። ሰውየው ስልኩን አንሥቶ ሴትዮዋ ጋ ደወለ።

«ደም እንዳታወጪ! ሠንጠረዡ ተዛብቷል፣ አንድም ከረጢት እንዳይወጣ!» አላት።

«ኧረ እንዴት አድርጌ ኢንጅነር?» አለች። «አንዲት ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ናት። ኦ አምጪ ብለው አንድ ከረጢት አሁን ወስደዋል፣ ሌላም ጨምሪ እያሉኝ ነው።»

እሷ ይህን እየተናገረች ሰውየው ስክሪኑ ላይ ሌላ «ወጣ» የሚል ምልክት አየ። ኦ የሚል ስም ካላቸው አንዱ ነው።

«ላቦራቶሪው ከረጢቱን መልሶ ይመርምረው!»

«መመርመሪያው ትናንት ማታ አልቋል። ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው ያሉን።»

«ከትናንት ወዲህ ከገቡት ውስጥ ኦ የለም?»

«የለም። የወሰዱትን እንዳይሰቅሉ ብከለክል ደግሞ የወለደችው ደም አጥታ ትሞታለች።»

«እንግዲያው ንገሪኛ! ምንድን ነው የነካሽው?» ብሎ ጮኸባት።

ሴትዮዋ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባት፤ ያ ቤቷ ወስዳ የደረደረችው ነገር እንደሆነ ገባት። አሁን የሚመጣባት የማውዙ ሳቅ አይደለም። ሰው ገደልሽ ሊሏት ነው። ፖሊስ ታያት፣ ልጆቿ ታዩአት።

«ምንም አልነካሁም» አለች።

ሠንጠረዡን የደረደረው ማን እንደሆነ ሰውየው አሁን አውቋል። የቸገረው ነገር ሌላ ነው። የድሮው ሠንጠረዥ ከሌለ የትኛው ከረጢት የትኛውን ደም እንደያዘ ማወቂያ የለም፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የነበረውን ደግሞ በገዛ ትእዛዙ አስጥሎታል። ሌላ ቦታ አንድ ቅጂ ካለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እየደጋገመ ጠየቃት። በጠየቃት ቁጥር ድምፅዋ እየራቀ ሄደ። ከበስተጀርባዋ በር ይንኳኳል፤ «ኦ የታለ? ኧረ ቶሎ በይ!» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል።

አንድ ተስፋ ነበረው። ያን ጠባቂ የሠሩት ሰዎችና ሌሎች የበቁ ባለሙያዎች የሚገናኙበት አንድ ትልቅ ገጽ አለ። የተጣለ ቅጂ የሚመለስበት መንገድ እንዳለ የሚያውቁ ቢኖሩ እነሱ ናቸው። ገጹን ከፈተው። እዚህ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንድም የማያውቀውን ነገር ልንገርህ። ያ ለሁሉ መልስ ያለው ሰው እሱም ጠያቂ ነበር። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው እዚህ ገጽ መጥቶ ይጠይቃል፤ በራሱ ስም ግን ጠይቆ አያውቅም። የውሸት ስም ነበረው። ለምን ይመስልሃል? ሰው ሲጠይቅ እንዴት እንደሚሳቅበት ከእሱ በላይ ማን ያውቃል!

ያ የውሸት ስም ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ጠበቀው። ሰውየው ስሙን አየ። ስልኩ ውስጥ የሴትዮዋ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ቶሎ ቶሎ፣ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የፈራ ሰው ትንፋሽ ነው። የራሱም ያው ነበር። እሷ ከእሱ ተደብቃለች፣ እሱ ከአለቃው ተደብቋል፣ ከባለሙያዎቹም ተደብቋል፤ በዚህ መሀል ያቺ የወለደች ሴት ደሟ ይፈስሳል።

ፍርሃቱ ለቀቀው አልልህም። እየፈራ ነው ያደረገው። ሁልጊዜ የሰው ስክሪን የሚያየው እሱ ነው፤ የራሱን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ያን ቀን ግንኙነቱን ገለበጠና የራሱን ስክሪን ላከላት።

«እትዬ» አላት። «እትዬ» ብሏት አያውቅም። «አሁን ፊትዎ ላይ ያለው የእኔ ኮምፒውተር ነው። የምጽፈውን ይዩ።»

ሴትዮዋ አየች። ቀስቷ ሄዳ አንድ ስም ስታጠፋ፣ በቦታው የሰውየው እውነተኛ ስም ሲጻፍ አየች። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በአንድ ሆስፒታል የደም ማከማቻ ውስጥ ጠባቂው ሲጮህ ሳላጣራ ዝም አሰኘሁት። የድሮውን ቅጂ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ሊመለስ የሚችልበት መንገድ አለ ወይ? ሰው ሊሞት ነው፤ እባካችሁ ፍጠኑ።» ስለ እሷ አንድ ቃል አልጻፈም። ላከው።

ከመልሱ በፊት ሳቁ መጣ። «አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀው?» አለ አንዱ። ሌላው የሚስቅ ፊት ለጠፈ። ሦስተኛው «መመሪያውን አንብበህ ነው የምትጠይቀን ወይስ ሳታነብ?» ሲል ጻፈለት። የገዛ አነጋገሩ ነው፤ አንድ ቀን ተነግሮት አንጀቱ ያረረ ሰው መሆን አለበት። ሰውየው ፊቱ ጋለ፣ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ገጹን ግን አልዘጋውም፣ ስክሪኑንም ከሴትዮዋ አልደበቀውም። ሳቁ ሲወርድበት እሷ ቁጭ ብላ አየች።

«ኢንጅነር» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አቤት እትዬ።»

«እኔ ነኝ። እንዲቀለኝ ልደረድረው ብዬ ነው፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፣ በልጆቼ። የድሮው አልጠፋም። ፍላሹ ላይ አለ፤ ፍላሹ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

ሰውየው ብዙ ሊል የሚችለው ነገር ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። አሁን ይሰኩት» ብቻ አላት።

ሰካችው። የድሮው ሠንጠረዥ ተዘበራርቆ፣ ጤነኛ ሆኖ ተከፈተ። ሁለቱ አብረው የወጣውን ከረጢት ቁጥር ፈለጉ። ኦ ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሄደው ከረጢት ቢ ነበር። ሴትዮዋ የእውነተኛውን ኦ ቁጥር በዓይኗ ያዘች፣ ከማቀዝቀዣው መንጭቃ አወጣችው፣ ስልኩን ወርውራ ሮጠች።

ሰውየው የወደቀውን ስልክ ሲያዳምጥ ቀረ። መጀመሪያ የጫማዋ ድምፅ ይሰማው ነበር፤ ቀጥሎ አንድ በር በኃይል ተመታ፤ ከዚያ በኋላ የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። የሚያዝዘው ነገር አልነበረውም። የሚነካው ቁልፍ አልነበረውም። መልስ መስጠት ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ መጠበቅ አልለመደም፤ እየጠበቀ ሳለ የከረጢቱ ጠብታ ፊቱ ላይ ተደቀነበት። አሁን ሰቅለውት ይሆን? አሁን የመጀመሪያዋ ጠብታ ወርዳ ይሆን? እንደ ሕፃን እናቱን ጠራ። ጣዖት ያመልክ የነበረ ይመስል ዓይኑን ከስክሪኑ ማንሣት አቃተው፤ ስክሪኑ ግን ስለዚያ ክፍል አንዳች የሚነግረው አልነበረም።

በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው ስልኩን ከወለሉ አነሣው።

«ደረስኩ» አለች፤ ትንፋሿ አላስወራ ብሏታል። «ነርሷ ልትሰቅለው እጇ ላይ ይዛው ነበር። አልሰቀለችውም። ቀየርኩት።»

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየው፤ አልተደበቀም። የወለደችው ሴት ዳነች። ጠዋት ቀድሞ የወጣው ከረጢት ለአንድ ሽማግሌ ተሰጥቶ ነበር። ከፍላሹ ጋር ሲያስተያዩት ስሙ ሳይለወጥ የቀረ ሆኖ ተገኘ፤ በኤ ቦታ ሌላ ኤ ነበር የተለጠፈበት። በዕድል ነው። ሰውየው ያን ዕድል ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ይዘገንነዋል።

ከዚያ በኋላ ሄዶ ለአለቃው ሁሉንም ነገረው። የሳቁን ገጽ በራሱ እጅ ዘጋው። ሰው ሲጠይቀው «ምን ነክተሽ ነው?» ማለት ተወ፤ «እኔም የምሳሳት ሰው ነኝ። እስኪ ከትናንት ጀምሮ የሆነውን ያጫውቱኝ» ይላል። ብዙዎች ያጫውቱታል። አንዳንዴ ግን «ምንም» የሚል መልስ ይመጣለታል፤ ያኔ እንደ ድሮው ጥያቄውን አይዘጋም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። «ትርሲት ትዋሸኛለች» አልከኝ። ውሸቷ ምን እንደሆነ ስጠይቅህ ይህንኑ ነው የነገርከኝ፤ ምግብ ትታለች፣ ክፍሏን ቆልፋ ትውላለች፣ ዓይኗ አብጦ ትወጣለች፣ ምን ሆነሽ ነው ስትላት «ምንም» ትልሃለች። አንተ ውሸት ያልከው ያንን «ምንም» ነው። እኔ ግን የሰማሁት የጠባቂውን ጩኸት ነው። አንተም እኔ ዘንድ የመጣኸው ምን እንዳስጮኸው ልታጣራ አይደለም፤ ዝም የሚያሰኝልህ ሰው ፍለጋ ነው።

እሷ መናገር ትችል ነበር። ባለፈው ዓመት ዘፋኝ መሆን እፈልጋለሁ ብላ ለብቻህ ነግራህ አልነበረም? በፋሲካ ምሳ ላይ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሳለ፣ ድምፅዋን አስመስለህ ዘፍነህ ሁሉን እንዳሳቅህ የነገርከኝ አንተው ነህ። እየሳቅህ ነበር የነገርከኝ። እሷም አብራችሁ ስቃለች አልከኝ። አዎ፣ ትስቃለች እንጂ ምን ታድርግ። ያቺ የማውዟ ሴትም አብራ ስቃ ነበር።

«ላምጣትልህና ምከርልኝ» ብለሃል። አታምጣት። እኔ ለእሷ ሌላ ጠያቂ ነኝ፤ እኔንም «ምንም» ነው የምትለኝ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅድም በር ላይ ቆመህ በስልክ ለቤትህ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ስትል ሰምቼሃለሁ። የልጄ ነገር ጨንቆኝ ምክር ልጠይቅ ሄድኩ ማለት አሳፈረህ። በውሸት ስም ነው የመጣኸው ወንድሜ። አንተ በዚህ ዕድሜህ ይህን ያህል ካፈርክ፣ እሷ በዚያ ዕድሜዋ ምን ያህል እንደምትፈራ አስበው።

ዛሬ ስትገባ ምን ሆንሽ አትበላት። ቁጭ በልና ስክሪንህን ገልብጥላት። የት እንደነበርክ ንገራት፣ ለምን እንደዋሸህ ንገራት፣ በዚያ ምሳ ላይ ያደረግከውን ንገራት፣ እንደፈራህም አትደብቃት። ብትስቅብህ ትሳቅ። ዝም ብትልህም አትጩህባት፤ እዚያው ተቀመጥ።

ልጅህ ላይ ምን እንደደረሰ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ይህ ያስፈራኛል፣ አንተንም ያስፈራህ። ተነሥ እንግዲህ። ካፖርትህን ውሰድ፣ ቁጣህን እዚያው ተወው። ፍጠን፤ አንተ እዚህ ተቀምጠህ እኔን ስትሰማ፣ እዚያ ቤት የተሳሳተው ከረጢት እየወጣ ነው።